ፈረሱ ተረሳ፣ ቁማሩ ቀረ

ክቡራትና ክቡራን፣ እንደምን አመሻችሁ።

ስለ ቁማር እንድናገር ስጋበዝ ብዙዎቻችሁ የስልክ ውርርድን አነሣለሁ ብላችሁ ጠብቃችሁ ይሆናል። እኔ ግን ከፈረስ ልጀምር፤ ፈረሱ እዚሁ ጎረቤታችን ነውና። ሜሪላንድ፣ ፎርት ዋሽንግተን ውስጥ ሮዝክሮፍት የሚባል የጋሪ ፈረስ መወዳደሪያ አለ። የተከፈተው በ1949 ነው፤ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

በዚህ ውድድር ኮርቻ የለም። ነጂው ከፈረሱ ኋላ ባለሁለት ጎማ ቀላል ጋሪ ላይ ተቀምጦ ይነዳል። መጋለብም ክልክል ነው። አንዱ ፈረስ በሶምሶማ ይሮጣል፤ ሌላው እንደ ሰጋር በቅሎ የአንድ ጎን እግሮቹን አብሮ እያነሣ ይሰግራል። ግልቢያ ከጀመረ ነጂው ገትቶ ወደ ስልቱ ሊመልሰው ይገባል፤ እስኪመልሰው ሌሎቹ ጥለውት ይሄዳሉ። ሰጋር በቅሎ ሲመረጥ ያየ ሽማግሌ በመካከላችን ካለ፣ የዚህን ውድድር ጣዕም ከእኔ በተሻለ ያስረዳችኋል።

በኒውዮርክ ሎንግ አይላንድ ሩዝቬልት ሬስዌይ የሚባል የጋሪ ፈረስ ሜዳ በ1940 ተከፈተ። ውድድሩ ማታ፣ በመብራት ነበር፤ ሠርቶ የዋለ ሰው ይደርስበታል። በ1946 ደግሞ በመኪና ላይ የተገጠመ ተንቀሳቃሽ የመነሻ በር ሥራ ላይ ዋለ። ከዚያ በፊት ፈረሶቹ እኩል አልተነሡም እየተባለ ሩጫው ደጋግሞ ይጀመር፣ ተመልካቹም ይሰላች ነበር። በሩ ሲመጣ ሕዝቡ ጎረፈ።

የተወራራጁ ገንዘብ አንድ ላይ ይጠራቀማል፤ ሜዳውና መንግሥት ድርሻቸውን ያነሣሉ፣ የቀረውን አሸናፊዎች ይካፈሉታል። ስለዚህ ሰውየው የሚወራረደው ከጎኑ ከተቀመጠው ሰው ጋር ነው። የፈረሱን ያለፉ ሩጫዎች፣ የነጂውን ችሎታ፣ የመነሻውን ቦታ ከፕሮግራሙ ላይ በእርሳስ እያሰመረ ያጠናል፣ ይከራከራል። ብዙ ሰው ደመወዙን እዚያ ጥሎ ወደ ቤቱ እንደሄደ አልክድም። ቢያንስ ግን ስለሚወራረድበት ነገር አንዳች ያውቅ ነበር።

ከዚያ ኒውዮርክ በ1967 ሎተሪ ጀመረ። በ1971 ከተማው ውስጥ የፈረስ ውርርድ ሱቆች ተከፈቱ፤ ሜዳ መሄድ ቀረ። በ1978 በጎረቤቷ ኒውጀርሲ፣ አትላንቲክ ሲቲ የመጀመሪያው ካዚኖ መጣ። ሩዝቬልት በ1988 ተዘጋ። ጥፋቱን ሁሉ በሱቆቹ የሚያላክኩ አሉ። እኔ አልስማማም። ሜዳዎቹ ራሳቸው ለዓመታት ለሕዝቡ የሸጡት ውርርዱን እንጂ ፈረሱን አልነበረም፤ ፈጣን ውርርድ ሌላ ቦታ ሲገኝ ሰው ለምን ይቆይ?

የእኛው ሮዝክሮፍት በ2010 ተዘግቶ በ2011 እንደገና ተከፈተ። አዲሱ ባለቤት ካዚኖ ሊሠራበት ፈቃድ ጠየቀ፤ በ2013 ግን ፈቃዱ ለካዚኖ ኩባንያው ለኤምጂኤም ተሰጠ፣ ካዚኖውም በ2016 እዚያው አካባቢ፣ ናሽናል ሃርበር ላይ ተከፈተ። እዚያ የሠራችሁ ወይም ገንዘባችሁን የጣላችሁ ታውቁታላችሁ። የሚገርመው፣ በሜሪላንድ ሕግ ከካዚኖ የቁማር ማሽኖች ገቢ የተወሰነው ለፈረስ ውድድር ሽልማት ይሰጣል። ፈረሱን የሚቀልበው ተመልካቹን የነጠቀው ነው።

ድጎማው ይቁም አልልም። ጋጣ የሚጠርገው፣ ኮቴ የሚያበጀው፣ ድርቆሽ የሚያመርተው ሁሉ በእሱ ያድራል። ነገር ግን ኦንታሪዮን ተመልከቱ። የካናዳዋ ክፍለ ሀገር ከ1998 ጀምሮ የማሽን ገቢ ለሜዳዎቹ ታካፍል ነበር፤ በ2012 አቆማለሁ አለች፣ በ2013 አቆመች። እዚያው ያለው የፈረስ ሜዳ፣ ዊንድዘር ሬስዌይ፣ የገንዘቡን መቋረጥ እንኳ ሳይጠብቅ በ2012 ተዘጋ።

ሮዝክሮፍት ባለበት በፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ የምትኖሩና የምትመርጡ፣ በሜሪላንድ ዋና ከተማ አናፖሊስ ያሉ ተወካዮቻችሁን አንድ ነገር ጠይቁልኝ፦ ከዚያ ገንዘብ ጥቂቱ ሕዝብ ፈረሱን በነፃ ለሚያይበት ቀን ይዋል፤ ልጆች ጋጣ ይግቡ፣ ጋሪው ላይ ይቀመጡ። በዚያ ቀን የውርርዱ መስኮት ይዘጋ።

አመሰግናለሁ።