ሦስተኛዋን ሽቦ አትቁረጧት

የዛሬው የሐዋሳ አድማጮች ጥያቄ በአሮጌ የኦርጋን ሳጥኖች ላይ ነው። ኦርጋን ስንል ሁላችንም የለመድነውን ኪቦርድ ማለታችን አይደለም፤ መለከቱ እየዞረ ድምፁን የሚያወዛውዘውን፣ በቫልቭ (እንደ አምፖል በሚግለው የመስታወት ቱቦ) የሚሠራውን፣ እንደ ሌስሊ ያለውን የእንጨት ሳጥን ነው።

ከታቦር፦ ሳጥናችን ከበራበት ሰዓት ጀምሮ «እምምም» ይላል። የገመድ ችግር ነው ወይስ የውስጥ?

በሳጥኑ አምፕሊፋየር ላይ ያለውን የድምፅ ቁልፍ ወደ ዜሮ መልሺው። ጩኸቱ ከጠፋ ችግሩ ከሳጥኑ በፊት ነው፤ ገመድ ወይም ግራውንድ (ኮረንቲ ወደ መሬት የሚወርድበት መስመር)። ካልጠፋ ውስጥ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የደረቀ የፊልተር ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ ጩኸቱን የሚያጣራው)። በጆሮም ይለያል። መብራታችን 50 ኸርዝ ነው፣ በሬክቲፋየር (ኤሲውን ወደ ዲሲ በሚለውጠው) ሲያልፍ 100 ይሆናል። በባለ 88 ቁልፍ ኪቦርድ ላይ ዝቅተኛውን ጂ ተጫውተሽ አወዳድሪ፤ የግራውንዱ ጩኸት ወደ 49 ኸርዙ ጂ፣ የካፓሲተሩ አንድ ኦክታቭ ከፍ ወዳለው ይጠጋል። ሳጥንሽ ባለ ስድስት ፒን ገመድ ካለው ግን በርቶ ሳለ እንዳትነቅይው፤ ድምፁ ብቻ ሳይሆን መብራቱም በእሱ ውስጥ ያልፋል።

ከሐይቅ ዳር፦ ቴክኒሻን የፕለጉን ሦስተኛ ሽቦ፣ የግራውንዷን፣ ቆርጦልን ጩኸቱ ጠፋ። አሁን ግን ኦርጋን የሚጫወተው ልጅ ማይኩ ከንፈሩን ሲነካው ይነዝረዋል። ማይኩ ተበላሽቶ ነው?

ማይኩ ደህና ነው ወንድሜ፤ እሱ እውነቱን ነው የነገራችሁ። አሁኑኑ ሳጥኑን ንቀሉት፤ ሽቦዋ ሳትመለስ እንዳይበራ።

ጩኸቱ የመጣው ሳጥኑ ሁለት የግራውንድ መንገድ ስላገኘ ነው፦ አንዱ በራሱ ፕለግ፣ ሌላው በድምፅ ገመዱ ሺልድ (ሽቦውን በከበበው የብረት ሽፋን) በኩል በሚክሰሩ። ሳጥኑ መድረክ ላይ፣ ሚክሰሩ አዳራሹ ጀርባ ሆነው ከተለያየ ሶኬት ሲሠሩ ሁለቱ ግራውንዶች እኩል አይሆኑም፤ ልዩነቱ በሺልዱ ላይ ይፈሳል፣ እሱን ነው የምትሰሙት። ቴክኒሻኑ ከሁለቱ መንገዶች የቆረጠው ሰው የሚያተርፈውን ነው። የአሮጌ ትራንስፎርመር ኢንሱሌሽን ይደክማል። በአንዳንድ ባለ ሁለት ሽቦ አምፕሊፋየሮች ደግሞ ከመብራት መስመሩ ወደ ሻሲው (ወደ ብረት አካሉ) የተበየደች ትንሽ ካፓሲተር አለች፤ እሷ ሾርት ካደረገች ሻሲው ራሱ 220 ቮልት ሊሆን ይችላል። ግራውንድ ቢኖር ፊውዙ ይቃጠል ነበር። ከሌለ መንገዱ የልጁ እጅና ከንፈር ነው። ዛሬ ነዘረው፤ ነገ ኮረንቲ ይይዘዋል።

ጩኸቱን በዚህ ቅደም ተከተል አጥፉት። ሦስተኛዋን ሽቦ መልሱ። ሳጥኑንና ሚክሰሩን ግራውንድ ካለው ከአንድ ሶኬት፣ በአንድ ዲቫይደር አብሯቸው። የድምፅ ገመዱን ከመብራት ገመድ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር አርቁት፤ መሻገር ግድ ከሆነ በመስቀልኛ ይሻገር። አሁንም ካልጠፋ በድምፅ ገመዱ መሃል አይሶሌሽን ትራንስፎርመር (ሁለቱን ወገን ሳያነካካ ድምፁን የሚያሳልፍ) ያለበት ዲአይ ቦክስ አስገቡና «ግራውንድ ሊፍት» የሚለውን ማብሪያ ቀይሩት። የሚቋረጠው የድምፁ ግራውንድ እንጂ የመብራቱ አይደለም። ያቺን ትንሽ ካፓሲተር ባለሙያ ያውጣት ወይም ዋይ 2 በሚባለው የደኅንነት ደረጃ በተሠራች ይተካት።

ከመናኸሪያ፦ ለሳጥኑ ብቻ የራሱ የግራውንድ ብረት መሬት ውስጥ ብቀብርለትስ?

አይሆንም። የቀበርከው ብረት 50 ኦም ሬዚስታንስ (ኮረንቲን የመቋቋም ኃይል) ቢኖረው፣ 220 ቮልት ሻሲው ላይ ቢወጣ የሚፈሰው 4.4 አምፔር ብቻ ነው፤ 16 አምፔሩ ብሬከር ንቅንቅ አይልም፣ ሻሲውም ኮረንቲ እንደያዘ ይቀራል። በበጋ አፈሩ ሲደርቅ ኦሙ ጭራሽ ይጨምራል። ጩኸቱም ይብሳል እንጂ አይቀንስም። የሕንፃው ግራውንድ የማይሠራ ከሆነ ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሻን ከዋናው ቦርድ ይጀምር።

ከአዲስ ከተማ፦ ከአሜሪካ የመጣውን ባለ 110 ቮልት ሳጥን በስቴፕ ዳውን (በቮልት ቀናሽ ትራንስፎርመር) አበራነው፤ መለከቱ ቀስ ብሎ ይዞራል።

ስቴፕ ዳውን ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይለውጥም። ለ60 ኸርዝ የተሠራ ሞተር በ50 ስድስት እጅ ከነበረው ፍጥነቱ አምስቱ ነው የሚቀረው፤ ፑሊ በመቀየር ይስተካከላል። ሞተሩም ትራንስፎርመሩም ከወትሮው ይግላሉ፤ ግማሽ ሰዓት ሠርቶ እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ አጥፉት። አንድ ነገር ልጨምር፦ ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ስቴፕ ዳውን አውቶ ትራንስፎርመር ነው፣ ከ220ው አይለይህም። ስለዚህ ያቺ ሦስተኛ ሽቦ እዚህም ታስፈልጋለች።

ከቱላ፦ ፊውዙ ቶሎ ቶሎ ይቃጠላል፤ ተለቅ ያለ እናድርግ?

አታድርጉ። ፊውዙ ላይ የሲጋራ ብርማ ወረቀት የምትጠቀልሉም እየሰማችሁ ነው።

ከምሥራቅ፦ ካፓሲተሮቹን ራሴ ብቀይርስ? ንቅል ካደረግኩት ምን ይነካኛል?

ከተነቀለም በኋላ ከ400 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል። 10 ኪሎ ኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተር ኢንሱሌሽን ባለው ሽቦ ጫፍ በይደህ በእያንዳንዱ ካፓሲተር ፖዘቲቭና በሻሲው መካከል ለ10 ሰከንድ ያዘው፤ አንድ እጅህ ኪስህ ውስጥ ይሁን። ከዚያ በማልቲሜተር ለካ፤ ከ10 ቮልት በታች ካልወረደ ድገመው። የምትተካው ማይክሮፋራዱ ያው፣ ቮልቱ ከድሮው የማያንስ ይሁን፤ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩን ካገላበጥከው ይፈነዳል። ማልቲሜተር ከሌለህ ክዳኑን አትፍታ፤ ቫልቭ ለሚያውቅ ሰው ውሰደው።