ታማራ ቱማኖቫ፦ ሲኒማ የተዋሰው የባሌት ዓይን

(በምስሉ፦ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ፤ ትልልቅ ጥቁር ዓይኖች ያሏት ወጣት)

ባሌሪናዋ (የባሌት ዳንሰኛዋ) ታማራ ቱማኖቫ የተወለደችው ባቡር ውስጥ ነው። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1919፣ ቦታው ሳይቤሪያ፣ ቲዩመን አቅራቢያ ነበር። እናቷ ከጆርጂያ መሳፍንት ወገን፣ አባቷ ደግሞ የሩሲያው ንጉሥ የዛሩ ሠራዊት መኮንን ነበሩ። የሩሲያ አብዮት ያሰደደው ይህ ቤተሰብ በሻንጋይና በካይሮ አልፎ ፓሪስ ገባ። ዓለም «ሩሲያዊቷ» እያለ ቢያደንቃትም፣ የሩሲያን ባሌት የተማረችው ፓሪስ ውስጥ፣ እንደ እርሷ ስደተኛ ከነበረችው ከኦልጋ ፕሬኦብራዤንስካያ ነው።

ገና በስድስት ዓመቷ ታላቋ ባሌሪና አና ፓቭሎቫ በዝግጅቷ ላይ እንድትደንስ ጋበዘቻት። በ1932 ደግሞ የባሌት ውዝዋዜ ቀማሪው ጆርጅ ባላንሺን ከሌሎቹ ልጃገረዶች ከኢሪና ባሮኖቫና ከታቲያና ሪያቡሺንስካ ጋር ለሞንቴ ካርሎው የባሌት ቡድን መረጣት። እንግሊዛዊው ሃያሲ አርኖልድ ሃስኬል ሦስቱን «ሕፃናት ባሌሪናዎች» አላቸው። ስሙ ማስታወቂያውን አሳመረ፤ እንደ አዋቂ በየከተማው እየዞሩ ሲሠሩ ግን በእርግጥም ልጆች ነበሩ። የታማራ እናት ከጎኗ አልተለዩም፤ በ1996 ሳንታ ሞኒካ ውስጥ ስታርፍም የተቀበረችው ከእርሳቸው አጠገብ ነው።

በ1947 ባላንሺን ፓሪስ ኦፔራ ላይ፣ ፈረንሳዊው የሙዚቃ ደራሲ ቢዜ በ17 ዓመቱ በጻፈው ሲምፎኒ አዲስ ባሌት ሲያዘጋጅ ዝግተኛውን ሁለተኛ ክፍል ለእርሷ ሰጣት። በባሌት ዝግታ ከፍጥነት ይከብዳል፤ ፍጥነት ብዙ ጉድለት ይሸፍናል፣ በዝግታ ግን የቁርጭምጭሚት መንቀጥቀጥ እንኳ ይታያል።

ሆሊውድስ? በ1944 «ዴይስ ኦፍ ግሎሪ» በተባለው የጦርነት ፊልም፣ ያኔ አዲስ ከነበረው ከግሪጎሪ ፔክ ጋር መሪ ተዋናይ ሆነች፤ በዚያው ዓመት የፊልሙን ፕሮዲውሰር ኬሲ ሮቢንሰንን አገባች። ፊልሙ ገበያ አልቀናውም። እዚያም የተሰጣት ሚና የዳንሰኛ ነበር። በ1953 ደግሞ በሌላ ፊልም በልጅነቷ የጋበዘቻትን ፓቭሎቫን ራሷን ሆና ተወነች። ሲኒማ ከባሌት አላስለቀቃትም፤ እኔ ግን ይህን እንደ በደል አልቆጥረውም። ምክንያቴን ላሳያችሁ።

(በምስሉ፦ የምትሽከረከር ዳንሰኛ፣ በዝግታ)

አንገቷን ተመልከቱ። ሰውነቷ ሲዞር ጭንቅላቷ ወደኋላ ይቀራል፤ ዓይኗ አንድ ነጥብ ላይ ተተክሏል። አንገቷ ከዚህ በላይ መጠምዘዝ ሲያቅተው ጭንቅላቷን በቅጽበት አዙራ ያንኑ ነጥብ መልሳ ትይዛለች። ዳንሰኞች ሳያዞራቸው መሽከርከር የሚችሉት በዚህ ዘዴ ነው።

አልፍሬድ ሂችኮክ በ1966 «ቶርን ከርተን» በተባለው ፊልሙ ይህንኑ ዘዴ ለስለላ አዋለው። በፊልሙ ቱማኖቫ በራሷ የምትኩራራ ባሌሪና ናት። ምሥራቅ በርሊን ከአውሮፕላን ስትወርድ ፎቶግራፍ አንሺዎቹ ለእርሷ የመጡ ይመስላታል፤ እነርሱ ግን የሚጠብቁት ፖል ኒውማን የሚጫወተውን አሜሪካዊ ሳይንቲስት ነው። በኋላ መድረክ ላይ ስትሽከረከር፣ ሊያመልጥ ተሰብሳቢው መሐል የተሸሸገውን ይህንኑ ሰው ታየዋለች። ዓይኗ ባረፈበት ቁጥር ምስሉ ለአፍታ ቀጥ ይላል፤ ፊቷም እየቀረበ ይመጣል። አንድም ቃል አልተናገረችም፤ ቂሟ ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል። ፊልሙ ሲወጣ ዕድሜዋ 47 ነበር፤ ያለ ዕድሜ ልክ ልምምድ ያንን ትዕይንት የትኛዋ ተዋናይ ትወጣው ነበር?

በ1970 ቢሊ ዋይልደርም በሸርሎክ ሆምስ ፊልሙ ሩሲያዊት ባሌሪና አደረጋት፤ አሁን ግን ለቀልድ። ፔትሮቫ የተባለችው ይህች ገጸ ባሕርይ አእምሮው የተሳለ ልጅ ለመውለድ ሆምስን ትመርጣለች፤ ለውለታውም ስትራዲቫሪየስ የተባለውን እጅግ ውድ ቫዮሊን ታቀርብለታለች። ቱማኖቫ ይህን ሁሉ የምትጫወተው እንደ ንግሥት ኮስተር ብላ ነው፤ ሳቁንም የሚያመጣው ይኸው መኮሳተሯ ነው።