ቤቱን ሠሩት፣ ካርታው የሌላ ሰው ነው፦ የቢዛር ክሬሽንስ ታሪክ

[ምስል፦ ጥቁር ስክሪን። ሞተር ይነሳል፣ ጎማ ይጮኻል፣ ከዚያ ጸጥ።]

ሊቨርፑል ሲባል ኳስ ነው የሚታያችሁ አይደል? ወይ ቀዩ ማሊያ ወይ ሰማያዊው። ዛሬ ስለ ኳስ አናወራም። ከዚያች ከተማ ስለወጣ የጌም ስቱዲዮ ነው የምነግራችሁ። ስሙ ቢዛር ክሬሽንስ ነው። ከ1996 እስከ 2010 ድረስ፣ የመኪና ውድድር ጌም የሚወድ ሰው እጁ ላይ ከገቡት ዲስኮች አንዱ ሳይሆን አይቀርም የእነሱ ነበር። ዛሬ ግን ስቱዲዮው የለም። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው፣ እንዳትደናገሩ።

አንድ ጥያቄ ያዙልኝ። ቤት ሠራሁ የሚል ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ነገር አለ፦ ካርታው በማን ስም ነው? ይህችን ጥያቄ በየመሀሉ እንመለስባታለን።

[ምስል፦ የድሮ አሚጋ ኮምፒውተር፣ ፍሎፒ ዲስክ ሲገባ።]

መሥራቹ ማርቲን ቸድሊ ይባላል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው የጀመረው። የመጀመሪያ ስማቸው ሬይዚንግ ሄል ሶፍትዌር ነበር። በግርድፉ ሲኦልን ከእንቅልፉ መቀስቀስ እንደማለት ነው። ያኔ የሚሠሩት የመኪና ጌም አልነበረም። በ1990 ለአሚጋ ኪሊንግ ጌም ሾው የሚባል፣ ከሥር ፈሳሽ እየሞላ ወደ ላይ የምትሸሹበት ጌም አወጡ። ያሳተመላቸው ሳይግኖሲስ ነው፣ እሱም የሊቨርፑል ልጅ።

አሳታሚ ስል ግልጽ ይሁን። ስቱዲዮው ጌሙን ይሠራል። አሳታሚው ገንዘቡን ያወጣል፣ ዲስኩን ያባዛል፣ ማስታወቂያውን ይከፍላል። ብዙ ጊዜ ታዲያ ስሙንም የሚይዘው እሱ ነው።

ወደ ስማቸው ስንመለስ፣ የጃፓኑ የጌም ኩባንያ ሴጋ "ሲኦል" የሚል ቃል ያለበት ስም አልተመቸውም። ስለዚህ ለጊዜው ዊርድ ኮንሴፕትስ፣ "እንግዳ ሐሳቦች" ተባሉ። እሱም አልጣማቸውም። እንደሚወራው ማይክሮሶፍት ወርድ ውስጥ ያለውን የተመሳሳይ ቃላት መፈለጊያ ከፈቱና ሁለቱንም ቃል ቀየሯቸው። ቢዛር ክሬሽንስ የተገኘው እንዲህ ነው። ስም ለማውጣት ወር ሙሉ ስብሰባ የምትቀመጡ ሰዎች፣ በቃ ወርድ ክፈቱ።

[ምስል፦ ፕሌይስቴሽን ሲበራ፣ የፎርሙላ ዋን መኪኖች መነሻው ላይ ተሰልፈው።]

እንጀራቸውን ያበሰለው ግን ፎርሙላ ዋን ነው። ሶኒ በ1993 ሳይግኖሲስን ገዛው፣ ፕሌይስቴሽን መጣ፣ በ1996 ደግሞ ቢዛር ፎርሙላ 1 የተባለውን ጌም አወጣ። በ1995ቱ የውድድር ዓመት ላይ የተመሠረተ ነው። 17ቱም መሮጫዎች አሉ፣ አሽከርካሪዎቹ በእውነተኛ ስማቸው አሉ፣ ከኋላ ደግሞ ሰርጉ ቤት እሳት የተነሳ ይመስል የሚጮኸው የእንግሊዛዊው የውድድር አስተላላፊ የመሪ ዎከር ድምፅ አለ። ዛሬ ምኑ ይገርማል ትሉ ይሆናል። በዚያ ጊዜ እሁድ በቴሌቪዥን ያያችሁትን ውድድር ማታ ራሳችሁ መንዳት ትልቅ ነገር ነበር። አውሮፓ ውስጥ እንደ ጉድ ተሸጠ። በ1997 ሁለተኛውን ደገሙ። እሱም ተሸጠ።

ከዚያ አቆሙ። በ1998 የወጣውን ፎርሙላ 1 የሠራው ሌላ ስቱዲዮ ነው። በየዓመቱ አንድ ዓይነት ጌም ላይ ቀለም እየቀቡ መኖር ይችሉ ነበር እኮ። ግን ጥያቄያችንን እናንሳ፦ ካርታው በማን ስም ነው? ፈቃዱ የፎርሙላ ዋን ባለቤቶች፣ አሳታሚው ሳይግኖሲስ፣ ከላይ ሶኒ። ቢዛር ያለው ላቡ ብቻ ነው። የኪራይ ቤት ግድግዳ ምን ያህል ብታሳምሩት፣ ስትወጡ ነቅላችሁ አትሄዱም።

[ምስል፦ የለንደን ጎዳና በማታ፣ ከዚያ ያው ጎዳና በድሪምካስት ግራፊክስ።]

አሁን ወደምወደው ክፍል ደረስን። ሜትሮፖሊስ ስትሪት ሬሰር፣ በአጭሩ ኤም ኤስ አር። ድሪምካስት ለሚባለው የሴጋ ኮንሶል (የጌም ማጫወቻ ማሽን) ተሠርቶ በ2000 ኖቬምበር ላይ አውሮፓ ወጣ።

ሦስት ከተሞች አሉት፦ ለንደን፣ ቶኪዮ፣ ሳን ፍራንሲስኮ። ሰዎቹ ከተሞቹ ድረስ ሄደው በሺዎች የሚቆጠር ፎቶ አነሱ። ሕንጻውን፣ ታፔላውን፣ የእግረኛ መንገዱን ጠርዝ ሳይቀር። ከዚያ ሰፈሩን እንዳለ ሠሩና የተለያየ መንገድ በአጥር እየዘጉ ከ250 በላይ መሮጫ አወጡበት። አንዱን ሰፈር ስታውቁት በሌላ በኩል ያስገቧችኋል። የሬዲዮ ጣቢያዎች ሳይቀሩ አሉት። የሚዘፈኑት ዘፈኖች ለጌሙ ተብለው የተደረሱ ናቸው፣ አቀናባሪው ሪቻርድ ዣክ ነው።

ሰዓቱ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ጌሙ የኮንሶሉን የራሱን ሰዓት ያነባል። እናንተ ጋ ማታ አምስት ሰዓት ከሆነ፣ ቶኪዮ ገና እየነጋ ነው። ስለዚህ ቶኪዮን በጨለማ መንዳት ያማረው ሰው በትክክለኛው ሰዓት መቀመጥ ነበረበት፣ ወይ ደግሞ የኮንሶሉን ሰዓት ማጭበርበር። ብዙው ሰው ያጭበረብር እንደነበር እገምታለሁ።

ግን የዚህ ጌም ነፍሱ ኩዶስ የሚባለው ነጥብ ነው። ኩዶስ "ጎሽ!" እንደማለት ነው። እስከዚያ ድረስ የውድድር ጌም አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረው፦ ማን ቀደመ? ኤም ኤስ አር እንዴት ነዳህ ብሎ ጠየቀ። ኩርባው ላይ መኪናውን በጎን አንሸራትታችሁ በሥርዓቱ ካወጣችሁት፣ ጎሽ። ሌላውን ሳትነኩ ካለፋችሁ፣ ጎሽ። ግድግዳ ከላጋችሁ ግን ነጥባችሁ ይቆረጣል። ከውድድሩ በፊት ደግሞ ፈተናውን ራሳችሁ ታከብዱታላችሁ። በዚህ ሰዓት ውስጥ እጨርሰዋለሁ ብላችሁ ትወራረዳላችሁ፣ ካቃታችሁ ትከስራላችሁ። አያችሁ ምን እንዳደረጉ? በዚያ ዘመን በአብዛኛው ጌም ጎበዝ ተጫዋች ማለት ግድግዳውን እየተደገፈ፣ ሌላውን እየገፋ የሚቀድም ሰው ነበር። እዚህ እንደዚያ ከነዳችሁ አንደኛ ወጥታችሁም ባዶ እጃችሁን ትቀራላችሁ። አንድ ቁጥር ስክሪኑ ላይ ጨምረው የሰውን አነዳድ ቀየሩት።

ችግሩ ጊዜው ነው። ጌሙ ዘግይቶ፣ ስህተቶችም ይዞ ወጣ። አሜሪካ የደረሰው በጃንዋሪ 2001 ነው። በዚያው ወር በ31ኛው ቀን ሴጋ ድሪምካስትን ማምረት ላቆም ነው አለ። ድንኳኑ ሲፈርስ ሰርገኛው ደረሰ በሉት።

[ምስል፦ አረንጓዴው የኤክስቦክስ አርማ። የኒውዮርክ ጎዳና።]

እዚህ ጋ ነው ማይክሮሶፍት የመጣው። ኤክስቦክስ የሚባል አዲስ ኮንሶል ሊያወጣ ነው፣ በመጀመሪያው ቀን የሚሸጥ የመኪና ጌም ይፈልጋል። ኤም ኤስ አር የሚለው ስም ለሴጋ ቀርቷል። የጌሙ ይዘት ግን በቢዛር እጅ ነበር። ስለዚህ ኩዶሱንም ሦስቱንም ከተሞች ተሸክመው፣ ኒውዮርክን ጨምረው፣ ፕሮጀክት ጎተም ሬሲንግ ብለው አወጡት። ጎተም የኒውዮርክ ቅጽል ስም ነው። ኖቬምበር 2001 ከኤክስቦክሱ ጋር እኩል ሱቅ ገባ።

በ2003 ሁለተኛው መጣ። ለእኔ ምርጡ ይሄ ነው፣ ከፈለጋችሁ ተከራከሩኝ። ኤድንብራ፣ ፍሎረንስ፣ ሞስኮ፣ ሆንግ ኮንግ፣ ስቶክሆልም... ድንጋይ የተነጠፈባቸው የፍሎረንስ መንገዶች ላይ ፌራሪ ስታንሸራትቱ እጃችሁ ላይ የሚሰማችሁ ነገር ሌላ ነው። በኤክስቦክስ ላይቭ፣ ማለትም በኮንሶሉ የኢንተርኔት መጫወቻ አገልግሎት ደግሞ ሌላ አገር ካለ ሰው ጋር ትወዳደሩበታላችሁ። ሦስተኛው በ2005 ከኤክስቦክስ 360 ጋር በአንድ ቀን ወጣ። መኪናው ውስጥ ተቀምጣችሁ መሪውንና ዳሽቦርዱን እያያችሁ የምትነዱት፣ አፍ የሚያስከፍት ግራፊክስ ነበረው። አራተኛው በ2007 ዝናብና በረዶ፣ ሞተር ሳይክልም ይዞ መጣ።

ካርታውስ? ፕሮጀክት ጎተም ሬሲንግ የሚለው ስም የማይክሮሶፍት ነው።

[ምስል፦ ጥቁር ስክሪን ላይ የሚያበሩ ቀለማም መስመሮች።]

አንድ ነገር ግን የራሳቸው ነበር። የመጣው ደግሞ በአጋጣሚ ነው። ስቲቨን ኬክብሬድ የሚባል ፕሮግራመር የኤክስቦክሱን የእጅ መቆጣጠሪያ ሊፈትሽ ብሎ ትንሽ የተኩስ ጌም ይሠራል። በግራ አውራ ጣት ትንቀሳቀሳላችሁ፣ በቀኝ ትተኩሳላችሁ፣ የሚመጡባችሁ ጠላቶች አራት ማዕዘንና ክብ ዓይነት ቅርጾች ናቸው። በቃ ይሄው ነው። ሁለተኛው ፕሮጀክት ጎተም ውስጥ፣ መኪና የምታቆሙበት ጋራዥ ጥግ ላይ በቆመች ማሽን ውስጥ ደበቋት። ሰው መኪናውን ትቶ እዚያ ጋራዥ ውስጥ መዋል ጀመረ። በ2005 ጂኦሜትሪ ዋርስ ተብላ ለብቻዋ በኤክስቦክስ 360 ኢንተርኔት መደብር በ5 ዶላር ተሸጠች። ኮንሶሉ ሲወጣ ሰው ከኢንተርኔት አውርዶ ከሚጫወታቸው ጌሞች ሁሉ ስሟ የተነሳው እሷ ናት። ስንት ሰው ለዓመታት ከተለፋባቸው ከተሞች አጠገብ አንድ ልጅ ለሙከራ የሠራት ነገር፣ ካርታዋ በስማቸው የሆነ ብቸኛዋ ዝነኛ ቤታቸው ሆነች።

[ምስል፦ የእጅ ሰላምታ፣ የአክቲቪዥን አርማ።]

በሴፕቴምበር 2007 የአሜሪካው ትልቅ የጌም አሳታሚ አክቲቪዥን ስቱዲዮውን እንዳለ ገዛው። የገንዘቡ መጠን በኋላ ላይ ሲወጣ 67.4 ሚሊዮን ዶላር ነበር፣ ከዚያ ላይ እንደ ሥራቸው የሚጨመር እስከ 40 ሚሊዮን። አክቲቪዥን የራሱ ትልቅ የመኪና ጌም አልነበረውም፣ ይህን ክፍተት ሊሞላ ነው። ከሽያጩ ጋር ጂኦሜትሪ ዋርስም ሄደች። ፕሮጀክት ጎተም ማይክሮሶፍት ጋ ቀረ።

ስለዚህ ከዜሮ አዲስ ስም መሥራት ነበረባቸው። ብለር ይባላል፣ ሜይ 2010 ወጣ። እውነተኛ መኪኖች፣ ግን እንደ ኒንቴንዶው የካርቱን ውድድር ጌም፣ እንደ ማሪዮ ካርት እየተኮሳችሁ፣ እየገጫችሁ የምትሄዱበት። 20 ሰው በኢንተርኔት አንድ ላይ ሲገባበት ቀውጢ ነው፣ ያስቃል፣ ያናድዳል፣ እንደገና ያስጀምራል። ለብቻ ሲጫወቱት ደረቅ ይላል፣ እሱን አልክድም።

ጌሙ መጥፎ አልነበረም። ማስታወቂያው የማሪዮ ካርት ዓይነቱን የልጆች ጨዋታ አድርጎ ሲያሾፍ፣ እውነተኛ መኪና ወዳዱ "ተኩስ ምን አገባው" አለ፣ ማሪዮ ወዳዱ ደግሞ ተሰደበ። በዚያ ላይ በዚያው ሳምንት ገደማ የዲዝኒው ስፕሊት ሰከንድ ወጣ፣ የሶኒው ሞድኔሽን ሬሰርስም ወጣ። ሦስት ተመሳሳይ ሱቅ ጎን ለጎን ተከፍተው፣ ደንበኛው ደግሞ መንገዱን ተሻግሮ የካውቦይ ጌሙን ሬድ ዴድ ሪደምፕሽንን ሊገዛ እየሄደ ነበር። ያም በዚያው ወር ነው የወጣው።

ኖቬምበር 2010 ላይ የጄምስ ቦንድ ጌም፣ ብለድ ስቶንን አወጡ። በዚያው ወር አክቲቪዥን የስቱዲዮውን ዕጣ ፈንታ እያሰብኩበት ነው አለ። ይህ አነጋገር ምን ማለት እንደሆነ ሠራተኛ የሆነ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ጃንዋሪ ላይ መዘጋቱ ተነገረ። ምክንያቱ የመኪና ጌም ገበያው ተቀይሯል፣ ብለርም ገዢ አላገኘም የሚል ነው። የጀመሩት ሁለተኛው ብለር ተሰረዘ። ፌብሩዋሪ 18፣ 2011 በሩ ተዘጋ፣ ወደ 200 ሰው ተበተነ።

[ምስል፦ ባዶ ቢሮ። ወንበሮች፣ የተነቀሉ ገመዶች።]

ልጆቹ የት ገቡ? አንዳንዶቹ ፕሌይግራውንድ ጌምስ የሚባል ስቱዲዮ ገብተው ፎርዛ ሆራይዘን የሚባለው የመኪና ጌም ላይ ሠሩ። እዚያ ጌም ላይ በቄንጥ ስትነዱ ነጥብ ሲቆጠርላችሁ፣ የማን እጅ እንዳለበት አሁን ታውቃላችሁ። ፕሮጀክት ጎተም አምስት ግን አልመጣም፣ ካርታው ማይክሮሶፍት መሳቢያ ውስጥ ነው።

ሌሎቹ እዚያው ሊቨርፑል ሉሲድ ጌምስ የሚባል ስቱዲዮ አቋቋሙ። በ2014 ደግሞ ሦስተኛዋን ጂኦሜትሪ ዋርስ የመሥራት ዕድል አገኙ። አሳታሚው ሲየራ ነው፣ ሲየራ ማለት የአክቲቪዥን ስም ነው። ጋራዥ ጥግ ላይ የደበቋትን ያቺኑ ጌም፣ ተቀጥረው ሠሯት።

[ምስል፦ የጋራዡ ማሽን፣ ስክሪኑ እየበራ።]