ጉበትና ጎተራ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ስለ ጉበት ካንሰር ነው የማወራው፤ ወሬዬን የምጀምረው ግን ከጎተራ ነው።

ቡሬ ሂዱ፣ ወምበርማ ሂዱ፣ ሜጫ ሂዱ፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ግቢው ሁሉ በቆሎ ነው። ታዲያ በደንብ ሳይደርቅ ጎተራ የገባ፣ ወይም ያለ ወቅቱ የመጣ ዝናብ የመታው በቆሎ ይሻግታል። አንዳንዱ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያወጣል፣ ይሄ መርዝ ደግሞ የጉበት ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠ ነው። ብትቀቅሉትም ብትጋግሩትም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። እና እኛ ምን እናደርጋለን? ጥሩ ጥሩውን ለቅመን ለእንጀራ፣ የሻገተውን "ለጠላ ይሆናል"። እኔ ባደግሁበት ቤት እንዲህ ነበር፤ የባሰው ለላም ይሰጣል። ላሟ የበላችው መርዝ ግን መልኩን ቀይሮ በወተቷ ይመጣል። ወተቱን የሚጠጣው ማነው? ሕፃኑ ነው።

ሰው በጉበት ሲሞት ለቅሶ ቤት የሚባለውን ታውቃላችሁ። "ምነው፣ እሱ እኮ መጠጥ አይቀምስም ነበር!" በርግጥ መጠጥ ጉበት ይጎዳል። አረቄ የዘወትር የሆነበት ሰው ጉበቱ ቀስ በቀስ ጠባሳ ይሆናል፣ ካንሰሩም ከዚያ ሊነሳ ይችላል። ሲጋራም አለበት። ውፍረትና ስኳር በሽታም ወደዚያው ይወስዳሉ፣ ይሄ እንኳ ባሕር ዳርና ደብረ ማርቆስ ቁጭ ብለን ለምንውለው ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ጉበትን የሚያጠቃውና ለካንሰር የሚያጋልጠው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ነው። ከእናት ወደ ልጅ በወሊድ ጊዜ፣ በደም፣ በግብረ ሥጋ ይተላለፋል። በአንድ ምላጭ ብዙ ልጅ እንጥል ሲቆረጥ፣ በአንድ መርፌ ድድ ሲነቀስም እንደዚያው። ገና ሲወለዱ ከተያዙ 10 ሕፃናት 9ኙ ገደማ ቫይረሱን ይዘው ይኖራሉ፣ ብዙ ዓመት ምንም ሳያማቸው። እንዲህ ያለ ሰው የሻገተ በቆሎ ሲበላ ደግሞ አደጋው የሁለቱ ድምር አይሆንም፣ እጥፍ ድርብ ነው።

አጎቴ የሞተው በዚሁ በሽታ ነው። ዓይኑ ቢጫ ሲሆን "የሌሊት ወፍ ሸንታበት ነው" ተብሎ ቅጠል ሲጠጣ ከረመ፤ ሐኪም ጋ ሲደርስ ነገሩ አልፏል። እስካሁን ያንገበግበኛል።

የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በአገራችን ለሕፃናት መሰጠት የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለድን ብዙዎቻችን አልተከተብንም፣ ስለዚህ እባካችሁ ደማችሁን ተመርመሩ። ቫይረሱ ቢገኝም ክትትል አለ፣ ለሚያስፈልገው መድኃኒት አለ። ነጻ ከሆናችሁ ተከተቡ።

የሻገተውን ጣሉት ስል፣ ክረምት ላይ እህል ላለቀበት ቤት ከባድ ቃል እንደሆነ አውቃለሁ። ለዚህ ነው ማድረቁ ላይ የምጮኸው፤ በቆሎውን በባዶ መሬት ሳይሆን በሸራ ላይ አስጡት፣ በደንብ ሳይደርቅ አታስገቡት፣ ከተቻለ አየር በማያስገባው ከረጢት አስቀምጡት። ቡናችሁን ደግሞ ጠጡ፤ በብዙ ጥናት ቡና ጠጪዎች ላይ የጉበት ካንሰር አነስ ብሎ ታይቷል።