ቆሽት ዳገት ሲወጣ

ሰላም፣ እንደምን ናችሁ! ዛሬ ስለ ቆሽት ነው የምናወራው። «ቆሽቴን አሳረረኝ» የምንለው ያው ቆሽት። ጣፊያ አላልኩም፣ ቆሽት!

ቆሽት ውስጥ የላንገርሃንስ ደሴቶች የሚባሉ ጥቃቅን የሴል ስብስቦች አሉ፤ ወደ 1 ሚሊዮን ገደማ። የደም ስኳርን የሚቀንሰው ኢንሱሊን የሚመነጨው ከእነሱ ነው። ይሄን ታውቁታላችሁ፣ ልለፈው። ሐኪሞች ሕይወቱ ካለፈ ለጋሽ ደሴቶቹን ለይተው ያወጡና ወደ ጉበት በሚገባው ደም ሥር ለስኳር ሕመምተኛው ይሰጣሉ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2000 ካናዳ ኤድመንተን ውስጥ 7 ሰዎች በዚህ ዘዴ ከኢንሱሊን መርፌ መላቀቃቸው ተዘገበ።

ግን ደሴቶቹ ደህና መሆናቸው አስቀድሞ በምን ይታወቃል?

ያገለገለ መኪና ልትገዙ ሄዳችሁ እንበል። ቀለሙ ያብረቀርቃል። ሻጩ ሞተሩን አስነሳው፤ ተነሳ። ትገዛላችሁ? እኔ አልገዛም! (አንዴ ገዝቼ አይቻለሁ፣ ተዉት።) ቁልፉን ተቀብላችሁ ዳገት ታስወጡታላችሁ። ነዳጅ ስትረግጡ ወዲያው ይስባል ወይስ ያመነታል? ዳገቱ መሀል ጉልበት ይከዳዋል? እግራችሁን ስታነሱስ፣ ይበርዳል ወይስ እንደጮኸ ይቀራል?

ደሴትን ቀለም ነክሮ «በሕይወት አለ» ማለት ሞተር ማስነሳት ነው። መኖር ሌላ፣ መሥራት ሌላ። አይጥ ላይ ተክሎ ማየትም አለ፤ ግን ሳምንታት ይፈጃል። ደሴቶቹ ያን ያህል አይጠብቁም።

ማይክሮፍሉዲክ ቺፕ የሚባለው ትንሽ የላብራቶሪ መሣሪያ ነው ዳገቱ። ቶሎ ቶሎ ልበላችሁ፦ ቀጫጭን ቦዮች፣ መሀል ላይ ደሴቶች። ስኳሩ ትንሽ የሆነ ፈሳሽ ይፈስባቸዋል፣ ከዚያ ስኳሩ ይጨምራል፣ ከዚያ ይቀንሳል። ካልሲየም ወደ ሴሎቹ ሲገባ (ኢንሱሊን ልቀቁ የሚላቸው ምልክት ነው) የሚያበራ ቀለም በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ ኢንሱሊኑ ከመውጫው ተሰብስቦ ይለካል። ጤነኛ ደሴት መጀመሪያ ባንዴ ይረጫል፣ ቀጥሎ ዝግ ብሎ ይቀጥላል። ያ የመጀመሪያው ከጠፋ፣ መኪናው አመነታ ማለት ነው።

አሁን ኮሜንቶቹ። «ቺፑ ሰውነት ውስጥ ይቀበራል?» ኧረ አይቀበርም! ባለፈውም ጠይቃችኋል፣ አሁንም አይቀበርም። ቺፑ ላብራቶሪ ይቀራል። ቺፑ ላይ የተፈተኑት ደሴቶችም ለናሙና የተወሰዱ ናቸው፤ ሰው ውስጥ የሚገቡት ሌሎቹ፣ ወንድሞቻቸው ናቸው። «ታዲያ መድኃኒት ይቀራል?» እሱም አይቀርም። ሰውነት ባዕድ ብሎ እንዳያጠቃቸው መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት ያስፈልጋል፤ ቺፑ በዚያ ላይ ምንም ሥልጣን የለውም።

ሰብስክራይብ አድርጉ፣ ጠይቁ። ስለ መቅበር ብቻ አትጠይቁኝ፣ ቆሽቴ አሯል።