የበረራ መረጃው ባለቤት ማን ነው? በተቆጣጣሪዎች ቀን ሐዋሳ ላይ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ እንግዶች፣ ውድ የሙያ ባልደረቦቼ፣

እንኳን ለጥቅምት 10 አደረሳችሁ። ዓለም አቀፉ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች ማኅበራት ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 20 ቀን 1961 አምስተርዳም ላይ የተመሠረተበትን ዕለት ዘንድሮ ሐዋሳ ላይ ማክበራችን ደስ ብሎኛል። አዘጋጆቹ ስለ ቨርቹዋል ሴንተር የንግድ ሞዴሎች እንድናገር ጠይቀውኛል።

ከሙያው ውጪ ላላችሁ በአጭሩ ላስረዳ። በምናውቀው አሠራር የራዳርና የበረራ ዕቅድ መረጃ የሚያቀናብረው ኮምፒውተርና ተቆጣጣሪው አንድ ሕንፃ ውስጥ ናቸው። ቨርቹዋል ሴንተር ይለያያቸዋል። ሥርዓቱን የሚያቀርበው ድርጅት፣ አቅራቢው፣ መረጃውን ካለበት ሆኖ አቀናብሮ ይልካል፤ ተቆጣጣሪው ሌላ ከተማ ተቀምጦ ይሠራበታል። ስዊዘርላንድ የጄኔቫና የዙሪክ ማዕከሎቿን በዚህ መንገድ እንደ አንድ ለማሠራት ዓመታት ለፍታለች። በዚህ ዓይነት ሐዋሳ የተቀመጠ ተቆጣጣሪ የአዲስ አበባን ሴክተር፣ ማለትም ለአንድ የሥራ ቦታ የተመደበ የሰማይ ክፍል፣ ሊረከብ ይችላል። አልቃወመውም፤ ቶሎ ቢመጣ ደስታዬ ነው። የኔ ነገር ውሉ ላይ ነው።

አንድ ቦታ ስሠራ ትራፊክ በዝቶ አንድ ሴክተር ለሁለት እንዲከፈል ተወሰነ። ካርታው ተሣለ፣ ተፈረመ። ያችን አንዲት መስመር ስክሪኑ ላይ ማስገባት ግን አልተቻለም፤ የሶፍትዌሩ ቁልፍ ያለው አቅራቢው እጅ ነው። ደብዳቤ ተጻፈ። "ይህ ከውሉ ውጪ ነው፣ ተጨማሪ ይከፈልበታል" የሚል መልስ መጣ። ክፍያው እስኪጸድቅ ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት እኛ ወሰኑን በእስክሪብቶ ወረቀት ላይ ሥለን ከስክሪኑ ጎን ለጠፍን። አንዲት ባልደረባዬ በግራ እጇ ስትሪፕ፣ የበረራው ዝርዝር የተጻፈበትን ቁራጭ ወረቀት፣ ይዛ፣ የቀኝ እጇን ጣት ከወረቀቱ ወደ ስክሪኑ እያመላለሰች አውሮፕላን ለጎረቤት ሴክተር ስታስረክብ አይቻለሁ። ፍሪኩዌንሲው ላይ ድምፅዋ የረጋ ነበር፤ ግንባሯ ግን በላብ ርሷል። በስንት ደጅ ጥናት መሐንዲሱ ከውጭ መጣ። ጠዋት ገብቶ ለምሳ ሳንወጣ ጨረሰው!

ወገኖቼ፣ ይህ የሆነው መሣሪያው በገንዘባችን ተገዝቶ፣ በሕንፃችን ተተክሎ እያለ ነው። ነገ ኮምፒውተሩ ራሱ ባሕር ማዶ ሲሆን ምን ሊውጠን ነው? አውሮፕላን አደጋ ላይ ሲወድቅ "አቅራቢው ነው" ብለን አናመልጥም፤ በ1944ቱ የቺካጎ ስምምነት አንቀጽ 28 መሠረት በግዛቱ ላይ የአየር ናቪጌሽን አገልግሎት የማቅረብ ግዴታ የመንግሥት ነው። ወፍጮ ቤት ስንሄድ የምንከፍለው ማስፈጫውን ነው፤ ዱቄቱ የባለ እህሉ ነው። በራዳራችን የታየ፣ በተቆጣጣሪያችን የተመራ በረራ መረጃም የኛ ነው። ውሉ ይህን በግልጽ ካልጻፈ፣ አቅራቢ ስንቀይር መረጃችንን ይዘን የምንወጣበትን መንገድ ካላስቀመጠ፣ አይፈረም!

ወደ ሞዴሎቹ ልምጣ። ኮፍላይት የተባለውን ሥርዓት የፈረንሳይና የጣሊያን የአየር ትራፊክ ተቋማት አብረው ሠሩት፤ ስዊሶቹ ደግሞ እንደ አገልግሎት ሊወስዱት ገቡበት። እዚያ አቅራቢው ራሱ ተቆጣጣሪ የሚያሠራ፣ ሙያውን የሚኖር ተቋም ነው። ይህ ለኔ የተሻለው ነው። በአህጉራችንም አሴክና የተባለው የጋራ የአየር ናቪጌሽን ተቋም እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ የብዙ አገሮችን ሰማይ በጋራ ሲያገለግል ኖሯል፤ ከጎረቤቶቻችን ጋር በባለቤትነት መጣመር የማይሞከር አይደለም። ከግል ኩባንያ የምንከራይ ከሆነ ግን የተቆረጠ ዓመታዊ ኪራይ አንቀበል። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮቪድ ሰማዩ ባዶ ሲሆን ከአየር መንገዶች የሚሰበሰበው ክፍያ አብሮ ወደቀ። የተቆረጠ ኪራይ አይወድቅም። ክፍያው በበረራ ቁጥር ከሆነ ጉዳቱን አቅራቢውም ይጋራል።

ስለ መጠባበቂያ አንድ ነገር ብቻ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 28 ቀን 2023 በእንግሊዝ አንድ የበረራ ዕቅድ ዋናውንም መጠባበቂያውንም ሥርዓት አቆመ፤ ሁለቱም ያንኑ ሶፍትዌር ይጠቀሙ ነበርና። ከ700 ሺህ በላይ መንገደኞች ተጉላሉ። ሁለት ከተማ ላይ ሁለት ማዕከል ከፍተን ከአንድ ምንጭ ብቻ ብንቀዳ መጠባበቂያ አለን ማለት አንችልም።

ኃላፊዎቻችን ፊት ለፊት ተቀምጣችኋል። የዚህ ዓይነት የጨረታ ሰነድ የሚዘጋጅበት ቀን ሲመጣ ከሕግ ባለሙያውና ከሒሳብ ሹሙ ጎን በፈረቃ የሚሠራ ተቆጣጣሪ ይቀመጥ፤ በስም ይመደብ፣ ድምፅም ይኑረው። አሁን በሚቀጥለው የጥያቄና መልስ ሰዓት የናንተን መልስ በዚህ አዳራሽ ልስማ። አመሰግናለሁ።