“ብርድ ነው” እየተባለ የሚታለፈው የአጥንት ሕመም

የተከበራችሁ እናቶቼና እኅቶቼ፣ እንኳን ለማርች 8 አደረሳችሁ። ምስጋናውንና አበባውን ሌሎች ስለሚያቀርቡ፣ እኔ ስለ አጥንታችሁ ልናገር።

ወገብ የሚጠዘጥዝበት፣ ከዱካ ሲነሡ ጭን የሚከዳበት፣ ደረጃ መውጣት የሚያቅትበት ሕመም በየቤታችን አለ። “ብርድ ነው” ይባልና ጋቢ ይደረባል፤ በርና መስኮት ይዘጋል። ቫይታሚን ዲ ቆዳችን በፀሐይ የሚሠራው፣ አጥንትን የሚያጠነክር ንጥረ ነገር ነው፤ ሕመሙ ከእርሱ እጥረት የመጣባት ሴት በዚህ ይብስባታል። “በአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ አገር እንዴት ይህ ይጎድላል?” የሚሉም አሉ። ይህ መልስ ያናድደኛል! ቁም ነገሩ ፀሐይ ሰማይ ላይ መውጣቷ ሳይሆን ቆዳ ላይ ማረፏ ነው።

የአንዲትን የልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ ቀን ተመልከቱ። ጠዋት 12 ሰዓት ሳይሞላ ሰርቪስ ትይዛለች። ቀኑን ሙሉ ከአምፖል ሥር ስትሰፋ ትውላለች። ምሳዋን እዚያው አዳራሽ ትበላለች። ኮንዶሚኒየሟ ስትደርስ መሽቷል። እሑድ ደግሞ ወጥ፣ ልብስ፣ ልጅ። መስኮት አጠገብ የምትሠራውም አልተረፈችም፤ ሙቀቱና ብርሃኑ ቢገባም ቫይታሚን ዲ የሚያሠራውን ጨረር መስታወት ያስቀረዋል።

“የጠዋት ፀሐይ ይበቃል” የሚለውም ምክር ጎዶሎ ነው። ፀሐይ ዝቅ ባለችበት ሰዓት ጨረሩ ብዙ አየር ማቋረጥ ስላለበት አብዛኛው መንገድ ላይ ይቀራል። ጥላችሁን ተመልከቱ፤ ከቁመታችሁ ካጠረ ሰዓቱ ነው። አዲስ አበባ ላይ ይህ በግምት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ነው። ጥቁር ቆዳ ጨረሩን ስለሚያጣራ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል፦ ክንድና እግር ተገልጦ፣ በሳምንት ሦስት አራት ቀን፣ ግማሽ ሰዓት ያህል። ተሸፋፍናችሁ የምትለብሱ እኅቶች፣ የተከለለ ግቢ ወይም በረንዳ ከሌላችሁ ስለ ቫይታሚን ዲ እንክብል ሐኪም አማክሩ።

ምግብ ብቻውን አያድነንም። እንጀራና ሽሮ ይህ ቫይታሚን የላቸውም፤ የእንቁላል አስኳልና ጉበት ጥቂት ቢኖራቸውም በጾም ይቀራሉ። አራስ ደግሞ ምች እንዳይመታት ቤት ትከርማለች፤ በጡት ወተት የሚያልፈውም ጥቂት ነው። ስለዚህ ሕፃኑ ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ጀምሮ በቀን 400 ዩኒት ጠብታ ያስፈልገዋል፤ እግሩ እስኪቆለመም አይጠበቅም።

ምርመራው “25 ሃይድሮክሲ ቫይታሚን ዲ” ይባላል፤ ከ20 ናኖግራም በሚሊ ሊትር በታች እጥረት ነው። የአዋቂ ሴት የዕለት ፍላጎት 600 ዩኒት ነው። በሳምንት አንዴ የሚታዘዘውን የ50,000 ዩኒት እንክብል በየቀኑ መዋጥ ደም ውስጥ ካልሲየም አብዝቶ ኩላሊት ይጎዳል።

አሠሪዎች፣ ፊት ለፊት ተቀምጣችኋልና ስሙኝ! የምሳ ሰዓት ፀሐይዋ አናት ላይ ያለችበት ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት የአዳራሹ በር ለምን ይቆለፋል? በሩን ክፈቱ፤ ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር አስቀምጡ። በጀት አይጠይቅም፤ ከፊታችን ሰኞ ጀምሩት።